ሦስት ሰከንድ

ኮትካ ወደብ፣ ጥር ነው፤ ባሕሩ ረግቶ ነጥቷል፤
የማሽኔ ማራገቢያ እያጉረመረመ ከእኔ ቀድሞ ነቅቷል።
የኤስኮ መልእክት አጭር ነው፦ «ክሬኑ ለምን ሰነፈ?
በቀን አርባ ኮንቴይነር ከእጃችን እያመለጠ አለፈ።»

ኮዱን ከፈትኩ። ስድስት ሺህ መስመር፣ ብዙ እጅ የነካው፣
አንዱ የሰፋውን ሌላው ተርትሮ፣ ሌላው መልሶ የተካው።
ከመሐል አንዲት መስመር፦ መንጠቆው ከገባ በኋላ
ሦስት ሰከንድ ጠብቅ። ከዚያ አንሣ። ሌላ
ቃል የለም።
ለምን ሦስት? ለምን ሁለት አልሆነም? ለምንስ ይጠበቃል?
ሣጥኑ ብረት፣ መንጠቆው ብረት፤ ብረት ብረትን ያውቃል።

በራሴ ቅርንጫፍ ላይ፣ በአንዲት ጣት
ሰረዝኳት።

ፈተናው ሁሉ አለፈ፤ ሰሌዳው አረንጓዴ ለበሰ።
ሦስት ሰከንድ በሺህ ሲባዛ፣ ትርፉ እየታየኝ ልቤ ደረሰ
ኤስኮ ጠረጴዛ ድረስ። ግን ከዋናው ግንድ ሳላዋህድ፣
መዝገቡን ልጠይቅ አልኩ፤ ልማድ ነው፣ ሌላም አይደል ጉድ፦
የማን ናት ይህቺ መስመር?

የትእዛዙ ስም «ወቀሳ» ነው። ቀልደኛ ነው ያወጣለት፤
ጥፋተኛ ፍለጋ ገብተህ፣ ምስክር ይዘህ የምትወጣበት።

ራውኒ ሉክሳሪ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ኅዳር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ማስታወሻዋ አንድ ሐረግ፦ «ለፔንቲ እጅ ጊዜ ለመስጠት።»

ራውኒን አላውቃትም፤ እኔ ስገባ ወጥታለች፤
ወንበሯን ወርሻለሁ፤ አንዲት ጎማው ታነክሳለች።
በመዝገቡ ግን ያ ሌሊት እስከ ዛሬ አልነጋም፤
ያጠፋችው አለ፣ ያቃናችው አለ፤ አንዱ ሌላውን አይዘጋም።

ፔንቲ ማነው? አልኩት ኤስኮን። ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።
«ሰንሰለት አሳሪ ነበር፤ ሁለት ጣቱን ብረት በላ፤
በቀሩት ስምንቱ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር፣ ከዚያም በኋላ።
ያኔ ሰው ነበር ከታች። ዛሬ ግን ደንቡን አንብቢ፤
ከመንጠቆ ሥር ሰው አይቆምም። ሰርዢና አስገቢ።»

ደንቡን አነበብኩ። እውነቱን ነው። አንቀጽ አራት፣ በደማቅ ቀለም።
ደንብና በረዶ ግን በአንድ ቋንቋ አይነጋገሩም።

ካፖርቴን ደርቤ ወረድኩ። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል።
ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት፤ ትንፋሽ ሳይርቅ ይረግጣል
በራሱ ጥላ ላይ።
መንጠቆው በረዶ ጎርሶ አልገጥም አለ፣ ሴንሰሩም ታውሮ፤
አንድ ልጅ፣ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ፣ ዙሪያውን አማትሮ
አለቃ እንደሌለ ሲያይ፣ ጓንቱን በጥርሱ አወለቀ፤
እጁን ከብረትና ከብረት መሐል ሰዶ በረዶውን ፈለቀቀ።
ጠቅ አለ መንጠቆው።

አንድ።
ሁለት።
እጁ ወጣ።
ሦስት። የሰንሰለቱ መወጠር፣ የብረቱ ጩኸት፣ ከዚያ ነው የመጣ።

ስሙን አልጠየቅኩትም፤ ብጠይቀው ይደነግጥ ነበር።
ጓንቱን አጠለቀና ፊቱን አዞረ፣ ወደ ባሕሩ ዳር።

ተመለስኩ። ጣቶቼ ፊደል እስኪለዩ ጥቂት ጠበቅኩ።
ቅርንጫፌን ቆርጬ ብጥል ማንም አያውቅም ነበር፤
ግን መሰረዜም መመለሴም ይታይ፤ በስሜ ይኑር።
ከመስመሯ ሥር ይህን ጨመርኩ፤ ረዝሟል፣ ወግ ይጥሳል፦
«ደንቡ ከመንጠቆ ሥር ሰው የለም ይላል፤ በጥር ግን ሰው ይደርሳል።
ፔንቲ ጡረታ ወጥቷል፤ እጁ ግን ከሥራ አልወጣም።»

ኤስኮ አነበበው። እስከ ማታ ድምፁ አልመጣም።
ከዚያ አንድ ጥያቄ፦ «አርባው ኮንቴይነርስ?»
ከሌላ ቦታ እፈልጋለሁ፣ አልኩት። ገና እየፈለግኩ ነው።
አጸደቀው።

ዛሬም መዝገቡን ብትጠይቀው፣ መስመሯ የራውኒ ናት፤
የእኔ ስም ከማስታወሻው ጎን ብቻ ነው፣ ከነቀኑ፣ ከነሰዓት።
አንድ ቀን ይህን አንካሳ ወንበር የሚወርስ፣ ቁጥር የሚወድ፣
ችኩል ይመጣል፤ ጣቱን ያነሣል፤ ሊሰርዝ፣ ሊፈርድ።
መጀመሪያ ይጠይቅ።
ሦስት ሰከንድ ይጠብቅ።